እማዬ፣ «እድሜ ነው» ተብለሽ እንዳትመለሺ

እማዬ እንዴት ነሽ፣ ትናንት በስልክ ካወራን በኋላ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። የምልሽ ብዙ ነገር ነበረኝ ግን «ይቅር በቃ፣ ምንም አልሆንም» እያልሽ ስታቋርጪኝ በጽሁፍ ይሻላል ብዬ ተውኩት። መነጽርሽን አድርጊና ቀስ ብለሽ አንብቢው እሺ?

ዶክተሩ «እማማ ውጤትዎ ኖርማል ነው፣ እድሜ ነው፣ ትንሽ ስትረስም አለብዎት» ብሎ ሸኘኝ ስትዪኝ በጣም ነው የተናደድኩት። እድሜ በሽታ አይደለም። ሰው ሲያረጅ ጉልበቱ ይቀንሳል እሺ፣ ግን አንቺ የነገርሽኝ ሌላ ነው፣ እግርሽን ስትረግጪ ጥጥ ላይ የቆምሽ ይመስልሻል፣ ሲሊፐርሽ ከእግርሽ ወልቆ ሳይታወቅሽ ባዶ እግርሽን ሄደሻል፣ ፊትሽን ስትታጠቢ አይንሽን ስትጨፍኚ ወደ ጎን ልትወድቂ ትዪና ግድግዳ ትይዣለሽ። ይሄ ሁሉ ከባለፈው አመት ወዲህ የመጣ ነው፣ ከዛ በፊት አልነበረም። በአንድ አመት ውስጥ እንዲህ የተለወጠ ነገር ምክንያት አለው፣ ምክንያቱ ደግሞ ይፈለጋል እንጂ «እድሜ» ተብሎ አይዘጋም።

«ኖርማል ነው» ሲሉሽ ምኑ ነው ኖርማል የሆነው ብለሽ ጠይቂ። የላክሽልኝን የውጤት ወረቀት ደጋግሜ አየሁት፣ የደም ማነስ ተመርምሯል፣ ስኳር ተመርምሯል፣ ኩላሊት ተመርምሯል፣ አለቀ። ታይሮይድ፣ ያ አንገት ላይ ያለው እጢ፣ አልታየም፣ ቫይታሚን ቢ12 አልታየም፣ እግርሽንም ዶክተሩ ጫማሽን አስወልቆ አልነካውም ብለሽኛል። ያልታየ ነገር እንዴት ኖርማል ይባላል! ደም ማነስ የለብሽም ማለት ደግሞ ቢ12 አላነሰሽም ማለት አይደለም፣ ደሙ ደህና ሆኖ ነርቭ ቀድሞ ሊጎዳ ይችላል።

ቢ12ን በተለይ ያነሳሁት በምትወስጃቸው መድኃኒቶች ምክንያት ነው። ይሄ ቫይታሚን ምግብ ውስጥ ከፕሮቲን ጋር ተጣብቆ ነው የሚመጣው፣ የሚያላቅቀው የጨጓራ አሲድ ነው፣ ከዛ ጨጓራ ራሱ ከሚያመነጨው ሌላ ነገር ጋር ተያይዞ ትንሹ አንጀት መጨረሻ ላይ ሲደርስ ወደ ደም ይገባል። አንቺ ለጨጓራሽ ኦሜፕራዞል ትወስጃለሽ፣ እሱ አሲዱን ይቀንሳል። ለስኳሩ ደግሞ ስንት አመት ሙሉ ሜትፎርሚን ወስደሻል፣ እሱም ቢ12 በደንብ እንዳይገባ ያደርጋል። ጉበት ለአመታት የሚበቃ ክምችት ስላለው ችግሩ ቶሎ አይታይም፣ ክምችቱ ሲያልቅ ነው የእግር መደንዘዝ፣ መርፌ መርፌ ማለት፣ ሚዛን ማጣት፣ መርሳት፣ የምላስ ማቃጠል የሚመጣው። ይሄ ከኢንተርኔት የተለቀመ ወሬ እንዳይመስልሽ፣ የእንግሊዝ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መስሪያ ቤት በፈረንጆቹ 2022 ሜትፎርሚን የሚወስድ ሰው የቢ12 ማነስ ምልክት ከታየበት ይመርመር፣ ለዚህ ችግር ይበልጥ የተጋለጡትም ምልክት ባይኖራቸው በየጊዜው ይታዩ ብሎ ለሐኪሞች ማሳሰቢያ አውጥቷል። ችግሩ ስኳርም ራሱ እግር ያደነዝዛል፣ ስለዚህ አንድ ሰው «ስኳር ነው» ካለ በኋላ ማንም ወደ ሌላ አያይም፣ ሁለቱ ግን አብረው ሊኖሩ ይችላሉ። ቢ12 አንሶ ከተገኘ ህክምናው መርፌ ወይም ከፍ ያለ ዶዝ ያለው ኪኒን ነው፣ ከባድ ነገር አይደለም። ከዘገየ ግን የተጎዳው ነርቭ ሙሉ በሙሉ ላይመለስ ይችላል፣ እንዲህ የምቸኩለው ለዚህ ነው።

ቢ12 ነው ብዬ እየፈረድኩ አይደለም፣ እኔ ዶክተር አይደለሁም። ይታይ ነው የምለው። መድኃኒቶቹን ደግሞ በራስሽ እንዳታቋርጪ በናትሽ፣ ሜትፎርሚኑን ብታቆሚ ስኳሩ ይወጣና ሌላ ጣጣ ይመጣል። ቢ12 ኪኒንም ደም ሳትሰጪ እንዳትጀምሪ፣ ውጤቱን ያዛባዋል። ፎሊክ አሲድም እንደዛው፣ ቢ12 ያነሰው ሰው ፎሊክ አሲድ ብቻ ከወሰደ ደም ማነሱ የተስተካከለ ይመስላል እንጂ የነርቩ ጉዳት ውስጥ ውስጡን ይቀጥላል። እህቴ ለፀጉርሽ የገዛችልሽ ባዮቲን የሚባለው ቫይታሚንም የአንዳንድ የታይሮይድ ምርመራ ውጤት ያሳስታል፣ እንደምትወስጂው ከምርመራው በፊት ንገሪያቸው።

ከአልጋ ስትነሺ የሚያዞርሽን ነገር ራሳችን ማየት እንችላለን። ቤት ያለውን የግፊት መለኪያ አምጪና አምስት ደቂቃ ተኝተሽ ተለኪ፣ ከዛ ቆመሽ አንድ ደቂቃ ላይ፣ ሦስት ደቂቃ ላይ ደግመሽ ተለኪ። የላይኛው ቁጥር በ20 ወይም የታችኛው በ10 ከወረደ ስትቆሚ ግፊትሽ እየወደቀ ነው ማለት ነው፣ ይሄ ደግሞ ከመድኃኒት፣ ከውሃ ማነስ ወይም ከነርቭ ሊመጣ ስለሚችል ዶክተሩ ማወቅ አለበት። ብቻሽን ግን አታድርጊው፣ እህቴ አጠገብሽ ትቁም።

ስትረስ የሚለውን ደግሞ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። ስትረስ ሰውነትን ይጎዳል፣ እውነት ነው፣ ግን ሌላው ነገር በደንብ ሳይታይ የሚለጠፍ ስም መሆን የለበትም። ያንቺው የጨጓራ ህመም ራሱ ታሪክ አለው። የጨጓራ ቁስለት ለብዙ ዘመን የስትረስና የአሲድ በሽታ ነው ሲባል ነው የኖረው፣ ስንቱ ሰው «አትጨነቅ» እየተባለ ሲሰቃይ ኖሯል። ሁለት የአውስትራሊያ ሐኪሞች፣ ባሪ ማርሻልና ሮቢን ዋረን፣ በፈረንጆቹ 1980ዎቹ መጀመሪያ አይ፣ ባክቴሪያ ነው ሲሉ ብዙ ባለሙያ አልተቀበላቸውም። ማርሻል በ1984 ባክቴሪያውን ራሱ ጠጥቶ ጨጓራው ሲቆጣ አሳየ። በ2005 ለሁለቱም የኖቤል ሽልማት ተሰጣቸው፣ ዛሬ ባክቴሪያው የተገኘበት ሰው በአንቲባዮቲክ ይታከማል። እነዛ ሁሉ በሽተኞች አካላቸው ውስጥ እውነተኛ ነገር ነበረባቸው፣ ያልተገኘው ስላልተፈለገ ነው።

አሁን ወደ ቀጠሮሽ ልምጣ። አውቅሻለሁ እኮ፣ ዶክተሩ «እንዴት ነዎት» ሲል «ደህና ነኝ ተመስገን» ትዪዋለሽ፣ ከዛ ያለችሽ ጥቂት ደቂቃ ታልፍና ልትወጪ በሩ ጋር ስትደርሺ የእግርሽን ነገር ታነሻለሽ። እዚህ ጨዋነት አያስፈልግም። ገና እንደተቀመጥሽ «እግሬ ደንዝዞ ሲሊፐር ሲወልቅ አይታወቀኝም፣ አይኔን ስጨፍን ልወድቅ እላለሁ» በዪው፣ «ይደክመኛል» አትበዪ፣ ድካም የማይለው ሰው የለም። መቼ እንደጀመረ፣ ምን እንደሚያብሰው፣ ድሮ ታደርጊው የነበረውን አሁን ምኑን እንደተውሽ በአንድ ገጽ ጻፊ፣ ከአንድ ገጽ አይብለጥ፣ ረጅም ወረቀት ማንም አያነብም። መድኃኒትሽን በሙሉ፣ ቫይታሚኑንም፣ በአንድ ፌስታል አድርገሽ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጪለት።

እድሜ ነው ካለሽ ደግሞ በትህትና «ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? እሱንስ እንዴት ነው ማጣራት የምንችለው?» በዪው። ምርመራው አያስፈልግም ካለ «እሺ ዶክተር፣ ጠይቄ አያስፈልግም እንደተባልኩና ምክንያቱን ካርዴ ላይ ይጻፉልኝ» በዪ፣ ይሄን ስትዪ ብዙ ሰው ቆም ብሎ ያስባል። መጣላት አያስፈልግም፣ እሱም በር ላይ ስንት ሰው እየጠበቀው ነው። ግን አንቺም ተራሽን ጠብቀሽ የገባሽ ሰው ነሽ፣ ማንንም አላስቸገርሽም። የውጤቶቹን ኮፒ በሙሉ ውሰጂ፣ ያንቺ ናቸው። አሁንም ካልሰማሽ ሌላ ዶክተር ጋር እንሄዳለን፣ የነርቭ ሐኪም ጋር ሪፈር እንጠይቃለን፣ ይሄ ዶክተሩን መናቅ አይደለም።

ቀጠሮ የማይጠብቅ ነገር ደግሞ አለ፣ እህቴም ትስማው። ፊትሽ በአንድ ጎን ከተጣመመ፣ እጅሽ ወይም እግርሽ በድንገት ከዛለ፣ አፍሽ ከተያያዘ፣ ደረትሽን ከተጫነሽ፣ ትንፋሽ ካጠረሽ፣ አይንሽ በድንገት ማየት ካቃተው፣ ሰገራሽ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ፣ ሽንት ወይም ሰገራ መቆጣጠር ካቃተሽ ወዲያው ድንገተኛ ክፍል ነው። ሌሊትም ቢሆን። «ልጆቹን አላስቸግርም» የሚል ነገር እንዳልሰማ።

የቀጠሮሽ ቀን ከስራ ፈቃድ ጠይቄያለሁ። አብሬሽ መሆን ባልችልም ስልኩን ስፒከር ላይ አድርጊው፣ ከመጀመሪያው «ልጄ መስማት ትፈልጋለች» ብለሽ ንገሪው፣ የረሳሽው ካለ እኔ እጠይቃለሁ። ዛሬ ማታ እህቴ ስትመጣ የመድኃኒቶቹን ስም ከነሚሊግራሙ በፎቶ ትላክልኝ፣ ያንን አንድ ገጽ አብረን በስልክ እንጽፈዋለን፣ አንቺ ትናገሪያለሽ እኔ እጽፋለሁ። እስከዛው ሌሊት ስትነሺ መብራት አብሪ፣ ያንን የሚያንሸራትት ሲሊፐርም ተዪውና ተረከዙ የተዘጋ ጫማ አድርጊ።

እወድሻለሁ እማዬ
ልጅሽ