«ሰርጉ እስኪያልፍ ነው» ላልሺኝ ልጄ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። አባትሽንም ጉንፋኑ ለቆታል። ለጥምቀት መጥተሽ ወደ ባሕር ዳር ከተመለስሽ ዘጠኝ ቀን ሆነ። ዘጠኙንም ቀን ይህን ደብዳቤ በልቤ ስጽፍ ነው የከረምኩት። በስልክ ልነግርሽ ሞክሬ ነበር። ስልክ ላይ ግን አንቺም ትቸኩያለሽ፣ እኔም ሆዴ ይባባል።

የጥምቀት ማግስት ሌሊት ውሃ ልጠጣ ስነሳ የኩሽናው መብራት በርቶ አየሁ። ቆመሽ ነበር። የድስቱን ክዳን በአንድ እጅሽ ይዘሽ የቀዘቀዘውን ዶሮ ወጥ በእንጀራ ትበያለሽ። ቀን መሶቡ ሲቀርብ ግን «ጠግቤያለሁ» ብለሽ የሎሚ ውሃሽን ይዘሽ ጥግ ላይ ተቀምጠሽ ነበር። እንዳላየ ሆኜ ወደ መኝታዬ ተመለስኩ። ገብቼ አቅፌሽ፣ ወጡን አሙቄልሽ፣ አብሬሽ ብቀመጥ ይሻል ነበር። እስካሁን ይቆጨኛል።

እንዳትሸማቀቂ ሚሚዬ። ሁለት ወር ሙሉ የራበው ሰው ነው ያየሁት።

ለሰርግሽ ብለሽ 9 ኪሎ እንደቀነስሽ ስትነግሪኝ «እንዲህ የምትበዪው እስከ መቼ ነው?» ብዬሽ ነበር። «ሰርጉ እስኪያልፍ ነው» አልሺኝ። እንቅልፍ የነሳችኝ ይህች «እስኪያልፍ» ናት።

ታውቂያለሽ፣ ጾም ከመግባቱ በፊት ቅበላ አለን። ከዚያ ጾሙ ይገባል። ከዚያ ፋሲካ ይመጣና እንፈታለን። ይህ ለነፍስ የተሠራ ሥርዓት ነው፣ ውበቱም መጀመሪያና መጨረሻ ያለው መሆኑ ነው። ክብደት ለመቀነስ ስንነሳ ግን ሳናውቀው ያንኑ ሥርዓት እንኮርጃለን። «ሰኞ እጀምራለሁ» እንላለን፤ እሑድ ቅበላ ይሆናል። ሁለት ወር እንጨክናለን። ፋሲካችን ሰርግ ነው፣ ወይም ሚዛኑ ላይ የምንመኘው ቁጥር። ያ ቀን ሲደርስ ደግሞ እንፈታለን። ሰውነት ግን ከፋሲካ በኋላም ያው ሰውነት ነው።

እኔም ሠርቼዋለሁ። አክስትሽ ስታገባ አንቺ ሰባት ዓመትሽ ነበር። በጥቅል ጎመን ሾርባ ሦስት ወር ኖሬ 11 ኪሎ ቀነስኩ። ያ ሳሎን ያለው ፎቶ የዚያን ጊዜ ነው። በዓመቱ 14 ኪሎ ተመለሰ። ያኔ ጥፋቱ የእኔ መሰለኝ። ቆራጥ አይደለሁም፣ ሆዴን አልችልም ብዬ ራሴን ስሰድብ ኖርኩ። ሠላሳ ዓመት ባዮሎጂ ሳስተምር ለተማሪዎቼ የማስረዳውን ነገር ለራሴ ማስረዳት አልቻልኩም።

ሰውነት በድንገት ምግብ ሲያጣ ረሃብ ዘመን የገባ ይመስለዋል። ጉልበት መቆጠብ ይጀምራል። የሚያስርበው ሆርሞን ይጨምራል፣ የሚያጠግቡት ይቀንሳሉ። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ አንድ የአውስትራሊያ ጥናት አለ። 50 ሰዎች ለ10 ሳምንት በጣም ጥቂት ምግብ እየበሉ ክብደት እንዲቀንሱ ተደረገ። በአማካይ 13 ኪሎ ተኩል ያህል ቀነሱ። ዓመት ቆይቶ ሲለኩ የረሃብ ሆርሞኖቻቸው ገና ወደ ቦታቸው አልተመለሱም ነበር፤ ሰዎቹም ከበፊቱ የበለጠ ይርባቸው ነበር። ይህን ሳነብ አለቀስኩ ብልሽ ታምኚኛለሽ? ያን ሁሉ ዓመት ራሴን የሰደብኩት በከንቱ ነበር። አንቺም ያን ሌሊት ድስቱ ላይ የቆምሽው ደካማ ስለሆንሽ አይደለም።

እኔን ያነቃኝ በ52 ዓመቴ የወጣ የደም ምርመራ ነው። ሐኪሙ «ስኳርሽ ጠርዝ ላይ ነው» አለኝ። ክብደቴ 82 ኪሎ ነበር። ሃያ ኪሎ ቀንሺ ሊለኝ ነው ብዬ ስጠብቅ «ለጊዜው ስድስት ኪሎ ይበቃል» አለ። በኋላ ምክንያቱን አነበብኩ። አሜሪካ ውስጥ እንደ እኔ ስኳራቸው ጠርዝ ላይ የደረሰ ከ3,200 በላይ ሰዎች የተሳተፉበት ጥናት ነበር፤ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2002 ወጣ። አመጋገባቸውን አስተካክለው ከክብደታቸው 7 በመቶ እንዲቀንሱና በሳምንት 150 ደቂቃ እንዲንቀሳቀሱ የተደረጉት ሰዎች በስኳር በሽታ የመያዝ ዕድላቸው በ58 በመቶ ቀነሰ። ከ82 ኪሎ 7 በመቶው ስድስት ኪሎ እንኳ አይሞላም። እኔ ግን ዕድሜዬን ሙሉ የማልደርስበትን ቁጥር ሳሳድድ ኖሬያለሁ።

ያኔ ከዘይቱ ጀመርኩ። ባለ አምስት ሊትሩ ጀሪካን ላይ የተከፈተበትን ቀን በእስክሪብቶ ጻፍኩ። በ21 ቀን አለቀ። ያኔ ቤት ውስጥ አራት ነበርን። አካፍዪው፤ ለአንድ ሰው በቀን 60 ሚሊ ሊትር ገደማ ይመጣል፣ አራት የሾርባ ማንኪያ ማለት ነው። አንድ ግራም ዘይት 9 ካሎሪ አለው። ስለዚህ እያንዳንዳችን በቀን 490 ካሎሪ ያህል ከዘይት ብቻ እናገኝ ነበር። የሰባት እንቁላል ጉልበት! እኔ ደግሞ «ምንም ሳልበላ ነው የምወፍረው» ስል ነበር።

ከዚያ በኋላ ዘይት ከጀሪካኑ በቀጥታ ወደ ድስት ፈስሶ አያውቅም። በማንኪያ ነው። ሽንኩርቱን ያለ ዘይት፣ ጠብ ጠብ እያደረግሁ በውሃ አቁላላለሁ። በርበሬውም በውሃ ይበስላል። ዘይቱ መጨረሻ ላይ ይገባል፣ ለጣዕም ያህል። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ጨመርኩ፣ ኮረሪማውንም አልሰሰትኩም። አባትሽ መጀመሪያ «ወጡ ደረቀ» እያለ አስቸገረኝ። ሁለት ወር ሳይሞላ ግን ድግስ ላይ ዘይት የተንሳፈፈበት ወጥ ሲቀርብለት ዘይቱን ወደ ዳር እየገፋ ሲበላ አየሁት። አሁን ያንን ጀሪካን ለአራት ሰው ብናደርገው 45 ቀን ይሄዳል።

ቀጥሎ ስኳር። ቡና በቀን ሁለት ጊዜ እናፈላ ነበር፣ ሦስት ሦስት ስኒ፣ በስኒ ሁለት ማንኪያ። አሥራ ሁለት ማንኪያ ሲሆን 48 ግራም ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በቀን ከ25 ግራም ባይበልጥ ይመረጣል ይላል። በአንድ ቀን አላቆምኩም። ከሁለት ማንኪያ ወደ አንድ ተኩል አወረድኩ። እሱን ምላሴ ሲለምደው ወደ አንድ። ከዚያ ግማሽ። አምስት ወር ፈጀብኝ። አሁን ከጤና አዳም ጋር ያለ ስኳር ነው የምጠጣው፣ ስኳር ያለበት ቡና ሲሰጡኝ መድኃኒት መድኃኒት ይለኛል። ለእንግዳ ስኳሩ ረከቦቱ ላይ አለ። ማንንም አልከለከልኩም።

እንጀራ ተዪ አልልሽም። አንቺ ሁለት ወር ሙሉ እንጀራ አለመንካትሽን እንደ ጀግንነት ነግረሽኛል፤ እኔን ግን አስደነገጠኝ። ዕድሜ ልክሽን እንጀራ ሳትበዪ ልትኖሪ ነው? የማትኖሪበትን ነገር ለምን ትጀምሪያለሽ? ጤፍ ብረትም አሰርም ያለው እህል ነው። ችግሩ መጠኑ ላይ ነበር። ከአንድ ትሪ ስንበላ ማን ምን ያህል እንደበላ አይታወቅም። ጭማሪ ይመጣል፣ ጨዋታው ይደራል፣ ጉርሻው ይከተላል። ከመሶቡ አልራቅሁም። ግን ምሳ ላይ አንድ እንጀራ፣ ማታ ግማሽ እንደሚበቃኝ ለራሴ ወሰንኩ። ስጠቀልል እንጀራውን አሳንሼ ወጡን አበዛለሁ፣ በተለይ ጎመኑንና ምስሩን። ጠዋት በዘይት የራሰው ፍርፍር ቀርቶ ቅንጬ ወይም እንቁላል ሆነ። በዓል ሲሆን ግን እንደ ሰው እበላለሁ። ማግስቱን ወደ ልማዴ እመለሳለሁ።

ይህቺን «ማግስቱን» አጥብቀሽ ያዢልኝ። ለንደን ውስጥ 96 ሰዎች አዲስ ልማድ ሲጀምሩ የተከታተሉ አጥኚዎች ነበሩ። አንድ ልማድ ሳያስቡት የሚደረግ እስኪሆን በአማካይ 66 ቀን ወሰደ። በ18 ቀን የለመደ አለ፤ ለአንዳንዱ ደግሞ እስከ 254 ቀን ይሄዳል ተብሎ ተገምቷል። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ ልማድ ግን ከዚያም በላይ ይፈልጋል። እኔን ይበልጥ የገረመኝ ሌላው ነው። በመሀል አንድ ቀን መዝለል ልማዱን አላፈረሰውም። በጾም ቢሆን «ገደፍኩ» እንላለን። እዚህ መግደፍ የሚባል ነገር የለም። አንድ ቀን ኬክ በላሽ ማለት ኬክ በላሽ ማለት ነው፣ ሌላ ምንም አልሆነም።

በአንድ ዓመት ተኩል ከ82 ወደ 74 ወረድኩ። ስኳሬም ከጠርዙ ተመለሰ። ስድስት ዓመት ሆነኝ፣ ከ73 እስከ 75 ባለው መሀል ነኝ። በሳምንት አንድ ቀን ጠዋት ብቻ እመዘናለሁ። ከእራት በኋላ ግማሽ ሰዓት እንራመዳለን፣ ከአባትሽ ጋር።

ከምግቡ ይልቅ የከበደኝ የሰው ወሬ ነበር። ትንሽ ስቀንስ በየለቅሶው በየማኅበሩ «ምነው ከሳሽ? አሞሽ ነው?» ይሉኛል። ስወፍር «ተመችቶሻል» ብለው ነበር ያመሰገኑኝ። አንቺም ይህን ታይዋለሽ፣ በተለይ ከሰርጉ በኋላ በአማቶችሽ ቤት። «አፈር ስሆን ብዪ» ሲሉሽ እምቢ ብለሽ አትጣዪ። ጉርሻና ፍቅር ሲያስጨንቅ ነው ይባል የለ፣ አንዷን ጉርሻ ተቀበዪ። ከፊትሽ ያለውን ግን ጠርገሽ አትጨርሺ። ባዶ ሳህን ጭማሪ ይጠራል። ትንሽ አስቀርተሽ ቀስ እያልሽ ከቆየሽ ማንም ልብ አይልሽም።

አሁን አንድ ነገር ልናዘዝልሽ። ልጅ ሆነሽ «ድንቡሼ» እያልኩ በሰው ፊት ጉንጭሽን ስቆነጥጥ ፍቅር ነበር የመሰለኝ። እዚያው ደግሞ ሳህንሽ ላይ ቆሜ «ጨርሺ!» እልሽ ነበር። ጠግቤያለሁ ስትዪኝ አላመንኩሽም። ሆድሽ የሚነግርሽን እንዳትሰሚ ያስተማርኩሽ እኔ ነኝ። አሥራ ሦስት ዓመት ሲሆንሽ «ድንቡሼ» እንዳልልሽ እያለቀስሽ ለምነሽኝ፣ ሳቅ ብዬ አለፍኩት። ይቅር በዪኝ።

ሌላም ያየሁት አለ። ስትሄጂ ማበጠሪያሽ ላይ የቀረው ፀጉር ብዙ ነበር። ክብደት በፍጥነት ሲወርድ ፀጉር ይረግፋል። የሐሞት ጠጠርም ሊያመጣ ይችላል። ስትነሺ ያዞረሽ ነበር፣ በሩን ይዘሽ ስትቆሚ አይቻለሁ። እባክሽ በዚህ ሳምንት ሐኪም ጋ ሂጂና ደምሽን ታዪ። በሳምንት ከግማሽ እስከ አንድ ኪሎ ቢወርድ ይበቃል።

ነገ ጠዋት የሎሚ ውሃውን ጠጪው፣ ችግር የለውም። ግን ቁርስ ጨምሪበት። አንቺ ያለሽው ጣና ዳር ነው፤ ዓሣ እንደ ልብ ነው። ዘይት ውስጥ ከሚጠበሰው ይልቅ ጉላሹን ወይም ሾርባውን እዘዢ። ቢሮ ውስጥ ከሻዩ ጋር የሚዞረውን ብስኩት ለመተው ከመታገል፣ ምሳሽን በደንብ ብዪ። ማታ ከእጮኛሽ ጋር ሐይቁ ዳር ተራመዱ። ከዚህ ሁሉ አንዱን ብቻ ጀምሪ፣ የቀለለሽን።

ሦስት ሳምንት ቆይቶ ዐቢይ ጾም ይገባል። «ያኔ ደግሞ በደንብ እቀንሳለሁ» እያልሽ እንደሆነ አውቃለሁ። ጾሙን ለጾምነቱ ጹሚው። ሲፈታ ማታ ፓስታ፣ ድንች ጥብስና ሳምቡሳ ብቻ አይሁን፣ ብዙ ሰው በጾም የሚወፍረው በዚያ ነው። ሽሮ፣ ምስር፣ ሽምብራ ይኑርበት። የገብስ በሶ ፈጭቼልሻለሁ። ቅዳሜ ለሚመጣ ሰው እሰጠዋለሁ፣ ከቅንጬና ከበርበሬ ጋር። አንዲት የሾርባ ማንኪያም አብሬ አስሬያለሁ፣ ለዘይቱ።

የሐበሻ ቀሚስሽን ጉዳይ ትናንት ሄጄ ጨረስኩ። ልብስ ሰፊው አሁን ያለሽበትን ልክ ጠየቀኝ። ልኩን በሚያዝያ መጥታ ትሰጥሃለች አልኩት። በሁለቱም ጎን ስፌቱ ውስጥ አራት አራት ጣት ትርፍ ጨርቅ እንዲተው ነግሬዋለሁ። የፈለግሽውን ያህል ሆነሽ ነይ።

የምትወድሽ እናትሽ