የአባቶች ቀን ከሱቅ አልመጣም

ለዝግጅት ክፍሉ፤

ባለፈው እትማችሁ አንድ አንባቢ የአባቶች ቀን ነጋዴ ከረባት ሊሸጥበት የፈጠረው የፈረንጅ በዓል ነው ብለው ጽፈዋል። ቅር አለኝ። የምኖረው ሲያትል ነው። በዓሉ የተጀመረበት ስፖኬን ከተማ ከእኛ ወደ ምሥራቅ 450 ኪሎ ሜትር ያህል ቢርቅ ነው። ታሪኩን ሳነብ የገዛ አባቴን ያገኘሁት መሰለኝ።

ሶኖራ ስማርት ዶድ ትባላለች። እናቷ በወሊድ ስትሞት 16 ዓመቷ ነበር። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት የዘመቱት አባቷ ዊሊያም ስማርት ስድስት ልጆች ይዘው ቀሩ። ሴቷ እሷ ብቻ ናት። እ.ኤ.አ. በ1909 ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ስለ እናቶች ቀን ሲሰበክ ሰማች፤ ለአባቶችም ቀን ይሰጣቸው ብላ ተነሳች። የፈለገችው የአባቷን ልደት፣ ጁን 5ን ነበር። ሰባኪዎቹ ለመዘጋጀት ጊዜ አነሰን ስላሉ ወደ ጁን 19 ቀን 1910 ተገፋ። በዚያ እሑድ አባቱ በሕይወት ያለ ቀይ ጽጌረዳ፣ አባቱ የሞተበት ነጭ ጽጌረዳ ደረቱ ላይ አደረገ።

ከዚያ በፊትም ዌስት ቨርጂኒያ ውስጥ፣ ሞኖንጋ በሚባል ቦታ፣ ዲሴምበር 6 ቀን 1907 የድንጋይ ከሰል ጉድጓድ ፈንድቶ ከ360 በላይ ሰው አልቋል። በጁላይ 1908 አጠገቡ ባለችው ፌርሞንት ለአባቶች መታሰቢያ ጸሎት ተደረገ። ታዲያ ይኼ ለቅሶ እንጂ ገበያ ነው?

ነጋዴዎች ኋላ ገብተውበታል፤ አልክድም። በ1930ዎቹ የወንድ ልብስ ሻጮች አጥብቀው ገፍተውታል። ሕግ የሆነው ግን በ1972 ነው። ሶኖራ ይህን ለማየት በቅታለች።

የእኔ እናት የሞተችው ሰባት ዓመቴ ላይ ነው። አባዬ ጉለሌ መካኒክ ነበር። ዘመድ ተሰብስቦ «ሴት ልጅ ለወንድ አይሆንም፤ ለአክስቷ ስጣት» አለው። እምቢ አለ። ፀጉር መጎንጎን ከጎረቤት ተማረ። ጠዋት ጠዋት ዱካ ላይ ተቀምጦ በጉልበቶቹ መሃል ያስቀምጠኛል። ፀጉሬን ለሁለት ከፍሎ ይጀምራል። አንዱ ጉንጉን ሁልጊዜ ይወፍራል። ሥራ እየረፈደበት ፈትቶ እንደገና ይሠራዋል። እጁን በኦሞ ቢፈትገውም ግራሶው ከጥፍሩ ሥር አይለቅም ነበር። ትምህርት ቤት ገብቼም አንገቴ ላይ ይሸተኛል።

በዓሉ የጁን ሦስተኛ እሑድ ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ከሰኔ 8 እስከ 14 ባለው ይውላል። ብዙ ጊዜ የሰኔ ጾም ስለሚይዘው ክትፎ የለም። እኛ ቤት ሽሮ ይሠራል፣ ቡና ይፈላል። እዚህ ጠዋት ሲሆን አዲስ አበባ ይመሻል፤ ያኔ ልጆቼ በቪዲዮ ይደውሉለታል። ለእያንዳንዳቸው አንድ ጥያቄ እሰጣለሁ። ዓምና ትንሿ «አባባ፣ መጀመሪያ የፈታኸው ሞተር የምን ነበር?» አለችው። ስለ አንዲት ሰይቼንቶ ታክሲ 40 ደቂቃ አወራ። እኔ እንኳ ሰምቼው አላውቅም! ትልቁ ልጄ ሁሉንም ደብተር ላይ ጻፈው።

እባካችሁ በዚያ ሳምንት አንድ ገጽ ስጡን። ልጆቻቸውን ብቻቸውን ያሳደጉ አባቶች ብዙ ናቸው፤ ልጆቻቸው ይጻፉላቸው።

እኔ ዘንድሮም የማደርገው ቀዩን ጽጌረዳ ነው። ተመስገን፣ አባዬ አለ።

የመካኒኩ ልጅ፣ ከሲያትል