ስለ አፓላቺያ ተራሮች ሰዎች የተጻፉ ልብ ወለዶችን በጋራ ለማንበብ የቀረበ የድጋፍ ጥሪ

የተከበራችሁ በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ የምትኖሩ ወገኖቻችን፤

የንባብ ክበባችን ከመጪው ጥቅምት ጀምሮ፣ በምሥራቅ አሜሪካ ከሚገኙት የአፓላቺያ ተራሮች ስለተፈናቀሉ ሰዎች የተጻፉ ሦስት ልብ ወለዶችን ወላጆችና ልጆች አብረው የሚያነቡበት መርሐ ግብር አዘጋጅቷል። ለመጻሕፍቱ መግዣና ለአማርኛ የንባብ መምሪያ ማሳተሚያ የሚሆን ድጋፋችሁን በአክብሮት እንጠይቃለን።

እነዚህ ተራሮች ጎረቤቶቻችን ናቸው። በመጸው ቅጠሉ ሲቀላ ለማየት ልጆቻችንን ይዘን የምንወጣበት የሼናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ፣ ከመከለሉ በፊት 500 ያህል ቤተሰቦች በቆሎ የሚዘሩበት፣ ፖም የሚለቅሙበትና ሙታናቸውን የሚቀብሩበት ቀዬ ነበር። የቨርጂኒያ ግዛት እ.ኤ.አ. በ1928 ባወጣው ሕግ መሬቱን በግዳጅ ወሰደ፤ ባለ ርስቶቹ የተተመነላቸውን ካሳ ሲቀበሉ በሰው መሬት ላይ ይኖሩ የነበሩት ጭሰኞች ግን ያለ ካሳ ወጡ። ዛሬም ከእግረኛ መንገዱ ጥቂት ገባ ያለ ሰው ከዛፉ መካከል የድንጋይ ጭስ መውጫና የመቃብር ምልክት ያገኛል። በሌሎቹ የአፓላቺያ ሸለቆዎች ደግሞ ሰውን ከቀዬው ያስነሣው ግድብ፣ የድንጋይ ከሰል ወይም የከተማ ፋብሪካ ነበር።

ንባባችንን የምንጀምረው እ.ኤ.አ. በ1954 በታተመው የሃሪየት አርኖው «ዘ ዶልሜከር» ሲሆን፣ በእኛ ግምት ከሦስቱ የላቀው እርሱ ነው። ገርቲ ኔቭልስ የተባለች የኬንታኪ ገበሬ የራሷን መሬት ለመግዛት ለዓመታት ስታጠራቅም ኖራ፣ ሕልሟ ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ለፋብሪካ ሥራ ዲትሮይት የገባውን ባሏን ልጆቿን ይዛ ትከተላለች። በመጽሐፉ መክፈቻ ይህች ሴት በበቅሎ ሆና የአንድ የጦር መኮንን መኪና በግድ ታስቆማለች፤ ትንፋሽ ያጠረውን የሕፃን ልጇን ጉሮሮ በቢላዋ ከፍታ፣ ውስጡ በተፈለፈለ የእንጨት ቀንበጥ አየር እንዲገባለት አድርጋ ታተርፈዋለች። በመጨረሻ ግን፣ ስትቀርጸው የኖረችውንና ፊቱን ያልጨረሰችለትን የቼሪ ግንድ፣ ለገበያ የሚሸጥ አሻንጉሊት እንዲወጣው ተፈልጦ ይሰነጠቅ ዘንድ አሳልፋ ትሰጣለች። ከአገር መነቀል የሰውን የእጅ ሥራ እንዴት እንደሚለውጥ ከዚህ በተሻለ ያሳየ መጽሐፍ አላጋጠመንም።

ከእርሱ ቀጥሎ የዴኒዝ ጃርዲናን «ስቶርሚንግ ሄቨን» (1987) እናነባለን፤ የገበሬው መሬት በከሰል ኩባንያዎች እጅ እንዴት እንደገባና እ.ኤ.አ. በ1921 በዌስት ቨርጂኒያ በብሌር ተራራ የተደረገውን የማዕድን ሠራተኞች ውጊያ ይተርካል። ሦስተኛው የአን ፓንኬክ «ስትሬንጅ አዝ ዚስ ዌዘር ሃዝ ቢን» (2007) ሲሆን፣ ለከሰል ሲባል አናቱ በፈንጂ ከሚፈርስ የዌስት ቨርጂኒያ ተራራ ሥር፣ ዝናብ በመጣ ቁጥር ጎርፍ እየፈራ ስለሚኖር ቤተሰብ የተጻፈ ነው።

ልጆቻችን እንግሊዝኛውን ያለ ችግር ያነባሉ፤ ከወላጆች ብዙዎቻችን ግን፣ በተለይ ምልልሱ በተራራው ሰዎች አነጋገር በተጻፈበት በ«ዘ ዶልሜከር»፣ ያለ አጋዥ መዝለቅ ያዳግተናል። ስለዚህ የየምዕራፉን ፍሬ ነገር፣ ታሪካዊ ዳራውን፣ ካርታና የአነጋገሩን ፍቺ የያዘ መምሪያ አባሎቻችን በነፃ እያዘጋጁ ነው። ከመካከላችን በልዩ ልዩ ምክንያት ቀዬውን ጥሎ የመጣ ጥቂት አይደለም፤ ለልጆቹ ያወራው ግን ትንሽ ነው። ስለ ገርቲ አብሮ ያነበበ ልጅ «እማዬ፣ አንቺስ ምን ጥለሽ መጣሽ?» ብሎ ለመጠየቅ በር ይከፈትለታል ብለን ከልብ እናምናለን።

የሚያስፈልገው ከእያንዳንዱ ልብ ወለድ 15 ቅጂ፣ በድምሩ 45 መጽሐፍና የመምሪያው የኅትመት ወጪ ነው። ገጹ ያልጎደለ ያገለገለ ቅጂም በደስታ እንቀበላለን። መጻሕፍቱ ከንባቡ በኋላ በዕድራችን አዳራሽ ለሁሉም በውሰት የሚሰጡ የጋራ ንብረት ይሆናሉ።

ገንዘቡን ለክበቡ ገንዘብ ያዥ በአዳራሹ ሰጥታችሁ ደረሰኝ እንድትቀበሉ እናሳስባለን፤ የገቢና የወጪው ሒሳብም በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ይለጠፋል። መጻሕፍቱን ቀደም ብሎ ማዘዝ ስለሚያስፈልግ መዋጮው እስከ መስከረም መጨረሻ ቢደርሰን እንመርጣለን፤ የሚተርፍ ገንዘብ ካለም ስለዚያው አካባቢ የተጻፈውን የጄምስ ስቲልን ልብ ወለድ «ሪቨር ኦቭ ኧርዝ» እንገዛበታለን።