ተጣጣፊ ክንፍ ከፓራሹት ጋር አይደመር

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ስለ ሞዴል ሮኬት ውድድር በቅርቡ ያወጣችሁትን ጽሑፍ በደስታ አንብቤዋለሁ፤ እኛ በምንኖርበት በቨርጂኒያ ልጆች የሚያዘወትሩትን ይህን ስፖርት ወላጆችም በአማርኛ እንዲረዱት ማድረጋችሁ ያስመሰግናችኋል። ጸሐፊው ግን ሮኬቱ ከወጣ በኋላ በተጣጣፊ ክንፍ እየተንሸራተቱ አየር ላይ ረጅም ጊዜ ለመቆየት የሚወዳደሩትን ሞዴሎች ከፓራሹት ጋር ደምረው በአንድ ዓረፍተ ነገር አልፈዋቸዋል። ይህ መታረም ይኖርበታል።

ፓራሹት አየርን በመቃወም አወራረድን የሚያዘገይ መሣሪያ ሲሆን ነፋስ ወደ ነዳው ይሄዳል። ተጣጣፊ ክንፍ ግን አፍንጫው ላይ የተጋጠሙ ሦስት ቀጫጭን ዘንጎችና በእነሱ ላይ ላላ ተደርጎ የተለጠፈ ስስ ፕላስቲክ አለው፤ ወደ ፊት ሲጓዝ ከሥር የሚገባው አየር ፕላስቲኩን ነፍቶ ቅርጽ ይሰጠዋል፤ በዚህም እንደማንኛውም የአውሮፕላን ክንፍ ሽቅብ የሚሸከም ኃይል ይፈጥራል።

ክንፉን የፈጠሩት በዚሁ በቨርጂኒያ፣ በላንግሌይ የምርምር ማዕከል ይሠሩ የነበሩት ኢንጂነር ፍራንሲስ ሮጋሎ ከባለቤታቸው ከጌርትሩድ ጋር ሆነው ነው። ሥራው ከመሥሪያ ቤት የታዘዘ አልነበረም፤ ባልና ሚስቱ በትርፍ ጊዜያቸው በቤታቸው ውስጥ በአየር ማራገቢያ እየሞከሩና ከኩሽና መጋረጃ እየሰፉ ያዳበሩት ሲሆን እ.ኤ.አ. በ1948 የፈጠራ መብት ጠይቀው በ1951 ተሰጥቷቸዋል። ኋላም ናሳ ሁለት ጠፈርተኞችን የሚይዙት የጀሚኒ መንኮራኩሮች ባሕር ላይ ከመውደቅ ይልቅ የብስ ላይ እንዲያርፉ ይህንኑ ክንፍ መርጦ ነበር። ፓሬሴቭ በተባለችው የሙከራ ተንሸራታች ኒል አርምስትሮንግን ጨምሮ በርካታ አብራሪዎች በረዋል። ይሁን እንጂ ታጥፎ የተቀመጠውን ክንፍ በአየር ላይ በአስተማማኝ ሁኔታ መዘርጋት እጅግ አስቸጋሪ ሆኖ ሥራው በመጓተቱ ዕቅዱ በ1964 ተተወ፤ የጀሚኒ መንኮራኩሮችም በፓራሹት ባሕር ላይ አረፉ። ሁለቱ አንድ ዓይነት ነገር ቢሆኑ ኖሮ ናሳ አንዱን ትቶ ሌላውን ለመያዝ ያን ያህል ዓመት ባልፈጀበት ነበር።

የሚገርመው፣ በሞዴሉም ተወዳዳሪን የሚፈትነው ያው የመዘርጋቱ ጉዳይ ነው። ክንፉ ተጣጥፎ በሮኬቱ ቱቦ ውስጥ ይገባል፤ ሞተሩ ነዶ ካለቀ በኋላ ጥቂት ሰከንድ ቆይቶ የሚፈነዳው ትንሽ ባሩድ ገፍቶ ያስወጣዋል፤ በክንፉ አፍንጫ ላይ ያለው የሽቦ ሞላ ደግሞ ዘንጎቹን ይከፍታል። ሮኬቱ ገና በፍጥነት እየወጣ ሳለ ከተከፈተ ዘንግ ይሰበራል ወይም ፕላስቲኩ ይቀደዳል፤ ከዘገየም ሮኬቱ አፍንጫውን ደፍቶ ቁልቁል መወርወር ከጀመረ በኋላ ይሆናል። የባሩዱ ትኩሳት ፕላስቲኩን እንዳያቀልጠው መከላከያ ያስፈልገዋል፤ ታጥፎ እንዳይጣበቅ የሕፃናት ፓውደር ይነሰነስበታል፤ ብልህ ተወዳዳሪም ተራው እስኪደርስ ሳያጥፈው ይቆያል፤ ምክንያቱም ብዙ ሰዓት የታጠፈ ፕላስቲክ ጭምድዱን ይዞ ይቀራል። ይህን ሁሉ አልፎ የተዘረጋ ክንፍ እንኳ ሚዛኑ ካልተስተካከለ ዋጋ የለውም፦ አፍንጫው ከቀለለ ሽቅብ ቀና እያለ ፍጥነቱን አጥቶ ይወድቃል፣ ከከበደም ይጠልቃል። በዝግታ እየዞረ እንዲወርድ የሚደረገውም፣ ሽቅብ የሚወጣ ሞቃት አየር ካገኘ ከዚያ እንዳይርቅ ነው።

ጸሐፊው የውድድር ምድቦቹን ብዛት መተቸታቸውንም አልቀበልም። የአሜሪካ ብሔራዊ የሮኬትሪ ማኅበር ተጣጣፊ ክንፍን ከባልሳ እንጨት ከተሠሩት ግትር ክንፎች ለይቶ የሚያወዳድርበት በቂ ምክንያት አለ። ተጣጣፊው ቱቦ ውስጥ ተሸሽጎ ስለሚወጣ ሮኬቱ ያለ እንቅፋት ከፍ ይላል፤ ግትሩ ክንፉን ከነስፋቱ ተሸክሞ መውጣት ይኖርበታል፤ በመንሸራተት ብቃት ግን ግትሩ ይበልጣል። ሁለቱን በአንድ መስፈርት መለካት ለማንኛቸውም ፍርደ ገምድልነት ነው። የሞተሩም ደረጃ እንዲሁ መጠቀስ አለበት፤ ሞተሮች በጉልበታቸው መጠን በእንግሊዝኛ ፊደላት ይመደባሉ፤ ከአንዱ ፊደል ወደ ቀጣዩ ሲታለፍ የጉልበቱ ጣሪያ እጥፍ ስለሚሆን፣ «ኤ» እስከ 2.5 ኒውተን ሰከንድ (የሞተሩ ጠቅላላ ግፊት መለኪያ)፣ «ቢ» እስከ 5 ይደርሳል። በ«ኤ» የተገኘን የቆይታ ጊዜ በ«ቢ» ከተገኘው ጎን ማስቀመጥ አንባቢን ያሳስታል።

ስለዚህ ወደፊት የውድድር ውጤት ስታወጡ፣ ማን ከፍ አለ ከሚለው ጋር የክንፉን ዓይነት፣ የሞተሩን ፊደልና አየር ላይ የቆየበትን ሰከንድ አብራችሁ እንድታትሙልን በአክብሮት እጠይቃለሁ።

አክባሪያችሁ፣
አንድ አንባቢ፣ ከቨርጂኒያ