የዕድራችንን ጸሐፊ ለምን ጣላችኋት?

ልጄ፣

እንደምን ከረምሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። የእናትሽም ጉልበት ተሽሎታል፤ አሁን ራሷ ገበያ ወጥታ ትመለሳለች።

የላክሽልኝን የፓርቲያችሁን የእጩ መመልመያ ቅጽ ደጋግሜ አነበብኩት። ለክፍለ ከተማና ለቀበሌ ምክር ቤት የምታቀርቧቸውን ሰዎች ከወዲሁ መፈለጋችሁ ደግ ነው። በሚያዝያ 2005 የአካባቢ ምርጫ ተደረገ፣ በ2010 ይደረጋል የተባለው ደግሞ ተራዘመ። ቀኑ ከተቆረጠ በኋላ ሰው ፍለጋ ከመሯሯጥ ቀድሞ መሰናዳት ይሻላል። በዚህ አንለያይም።

የምንለያየው ጥያቄዎቹ ላይ ነው። የመጀመሪያው ስለ ፌዴራሊዝም ይጠይቃል። ሁለተኛው ስለ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 39፣ ማለትም እስከ መገንጠል ስላለው መብት፣ ሦስተኛው ስለ መሬት ባለቤትነት። ቀጥሎ «ከዚህ በፊት የገዥው ፓርቲ አባል ነበሩ? ከነበሩ ለምን?» ይላል። ውሃ የሚል ቃል ይኖር ይሆን ብዬ እስከ ታች ወረድኩ። ፍሳሽ፣ ቆሻሻ፣ መብራት፣ የቤት ኪራይ፣ አንዱም የለም። ለቀበሌ ምክር ቤት እኮ ነው ልጄ!

በዚህ ቅጽ የዕድራችንን ጸሐፊ «አቋሟ ያልጠራ» ብላችሁ መጣላችሁን ስሰማ በጣም አዘንኩ። ታውቂያታለሽ። ዩኒቨርሲቲ ስንሸኝሽ ድፎ ዳቦ የጋገረችልሽ ናት። ያ የዕድር ደብተሯ ትዝ ይልሻል? በግራ በኩል የአባሉ ስም፣ መሀል ላይ የወር መዋጮ። በጠርዙ ላይ ደግሞ በደቃቅ ጽሑፍ የራሷን ማስታወሻ ትይዛለች። «የቦዩ ክዳን ተሰርቋል»። «የነሱ ቤት ቆጣሪ ተቃጥሏል፣ ካመለከቱ ወር አለፋቸው»። «ልጆቹ ኢንዱስትሪ ፓርክ ነው የሚሠሩት፣ አንድ ክፍል ለአምስት ተከራይተዋል፣ አከራዩ ሊጨምርባቸው ነው»። ከታቦር ተራራ የሚወርደው የክረምት ጎርፍ የቱ ጋ እንደሚታገድ የምታውቀው እሷ ናት። ቀበሌው ራሱ ሲቸግረው እሷን ይጠይቃል።

ስለ አንቀጽ 39 ስትጠይቋት «ቁጭ ብዬ አላሰብኩበትም» አለቻችሁ። እውነቷን ነው የተናገረችው። ድሮ በገዥው ፓርቲ የአንድ ለአምስት አደረጃጀት ተጠርንፋ እንደነበረም አልደበቀችም። በዚያን ጊዜ ማን ያልተጠረነፈ ነበር? የሸመገሉ ሰዎች ሳይቀሩ ተጠርንፈዋል። በሰኔ 2010 ከተማችን ስትታመስ ግን ጎረቤቶቿን ብሔራቸውን ሳትጠይቅ ግቢዋ አስገብታ ያሳደረች ሴት ናት። ከዚህ የበለጠ የጠራ አቋም ከየት ልታመጡ ነው?

ይህን የምጽፍልሽ ስላዘንኩ ብቻ አይደለም። መንገዱን አውቀዋለሁ። እኛ አገር ፓርቲ ሲሞት ከውጭ ብቻ ተመትቶ አይደለም።

በ1969 ገና የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነበርኩ። የዚያን ጊዜዎቹ የግራ ድርጅቶች ኢሕአፓም መኢሶንም ሶሻሊስት ነን ይሉ ነበር። ሁለቱም መሬት ላራሹ ብለው የጮኹ ልጆች ናቸው። የለያያቸው ደርግን እንዴት እንያዘው የሚለው ነው። መኢሶን ሂሳዊ ድጋፍ፣ እየነቀፍን እንደግፈው፣ አለ። ኢሕአፓ ጊዜያዊ ሕዝባዊ መንግሥት ይቋቋም አለ። ከዚያ ትግሉ ወደ ቀበሌ ወረደ። አዋጅ 47 የከተማ ነዋሪዎችን ማኅበራት (ቀበሌዎችን) ካቋቋመ በኋላ ቀበሌውን የያዘ ሰፈሩን ያዘ። ለአንድ የቀበሌ ሊቀመንበርነት ወጣት ወጣትን ይገድል ጀመር። የቀበሌው ሥራ እኮ ቤት ኪራይ መሰብሰብና ስኳር ማከፋፈል ነበር!

ቀጥሎ የሆነው ይባስ ያሳዝናል። ኢሕአፓ ውስጥ ብርሃነመስቀል ረዳና ጌታቸው ማሩ የከተማውን የትጥቅ ትግል ተቃወሙ። ብርሃነመስቀል የድርጅቱ የመጀመሪያ ዋና ጸሐፊ ነበር። ቢሆንም «አንጃ» ተባሉ። ጌታቸው በገዛ ድርጅቱ ሰዎች እጅ ተገደለ። ብርሃነመስቀልን በኋላ ደርግ ያዘውና ገደለው። የመኢሶኑን ኃይሌ ፊዳንም እንዲሁ። ሂሳዊ ድጋፍ የሰጠም የነፈገም እኩል አለቀ።

1993ን ደግሞ እዚሁ ሀዋሳ ሆኜ አየሁት። ሕወሓት ለሁለት ተሰነጠቀ፤ 12 የማዕከላዊ ኮሚቴ አባላት ስብሰባ ረግጠው ወጡ። የአቶ መለስ የቦናፓርቲዝም (አብዮት በአንድ ጠቅላይ ገዥ እጅ ሲወድቅ) ጽሑፍ በየመድረኩ መነሻ ሆነ። ስንጥቁ ወደ ደቡብም ወረደ። የክልሉ ፕሬዚዳንት አባተ ኪሾ ተነሱ፣ በ1994 ኃይለማርያም ደሳለኝ ተተኩ። የላዩን ሁሉም ያውቀዋል። እኔ የምነግርሽ የታቹን ነው። በምሠራበት መሥሪያ ቤት አንድ የቧንቧ ባለሙያ ነበረን። የከተማዋ የውሃ መስመር የቱ ጋ እንደተቀበረ ያለ ካርታ ያውቅ ነበር። በግምገማ ላይ አስነሱትና «በቦናፓርቲዝም ላይ ያለህ አቋም ምንድን ነው?» አሉት። ኮፍያውን በእጁ ይዞ ቆሟል። «እኔ የማውቀው ቧንቧ ነው» አለ። «ብዥታ አለበት» ተብሎ ተጻፈበት። ግለሂስ አድርግ ተባለ፤ ምን ብሎ እንደሚያደርግ አላወቀም። ሌላ ቦታ አዛወሩት። በዚያ በጋ መስመር ሲፈነዳ የቱ ጋ እንደሚቆፈር የሚያውቅ ጠፍቶ መንገዱ ሁሉ ተቆፋፈረ። የጠራ አቋም የነበራቸው ሁሉ ዙሪያውን ቆመው ይመለከቱ ነበር።

የተቃዋሚዎቹን ጥምረት የቅንጅትን ታሪክ አንቺ ከእኔ በላይ አንብበሻል፤ አላረዝመውም። በ1997 ከአዲስ አበባ ምክር ቤት 138 መቀመጫ 137ቱን አሸነፈ። ወዲያው ፓርላማ እንግባ አንግባ የሚለው ጥያቄ የሰው መለኪያ ሆነ። የገባው ከሃዲ ተባለ። ያልገባው አክራሪ ተባለ። መሪዎቹ ታስረው ሲፈቱም ለየብቻ ሄዱ። በሚያዝያ 2000 የአካባቢ ምርጫ ሲመጣ ያ ሁሉ ሕዝብ የመረጠው ፓርቲ ተበታትኖ ነበር። ለዚያ ምርጫ የአንድ ቀበሌ ምክር ቤት ወንበር ወደ 300 ከፍ ተደርጓል። በአገር ደረጃ 3.6 ሚሊዮን ገደማ ወንበር ነው። ኢሕአዴግ ጠቅልሎ ወሰደው። ማስፈራራትና ማሰር እንደነበረ አልክድም፤ ከውድድሩ የወጡት ተቃዋሚዎችም የወጡት በዚሁ ምክንያት ነው። ግን አስቢው። በዚህ ቅጽሽ ከአንድ ቀበሌ 300 ሰው ቀርቶ ሠላሳ ታገኛለሽ? ወንፊታችሁ ከመጥበቡ የተነሳ ዱቄቱም አያልፍበትም።

አቋም አያስፈልግም እያልኩሽ አይደለም። አቋም የሌለው ፓርቲ የሥራ ፈላጊ ማኅበር ነው። እኔም ብሆን ዝም ብላችሁ ሰው ሰብስቡ አልልም። በመሬት ጉዳይ እጁን የዘረጋ ሰው አይግባ። ሰውን በብሔሩ የሚያሳድድ አይግባ፤ ይሄን ያለ አንዳች ድርድር በሩ ላይ መልሱት። እነዚህን ግን በቅጽ አታገኟቸውም። እንዲያውም ለአንቀጽ 39 ጥያቄ ያማረ መልስ የሚሰጧችሁ እነሱ ናቸው። ሰፈር ሄዳችሁ ጎረቤት ጠይቁ፣ ዕድር ጠይቁ፣ የሱቅ ሰው ጠይቁ።

ሌላም የሚያሳስበኝ ነገር አለ። ቅጹን የተቃወሙትን አባሎቻችሁን «አድርባይ» እያላችኋቸው እንደሆነ ሰማሁ። እዚህ ያለው ቅርንጫፋችሁ ለሁለት ተከፍሏል። አንዱ ቡድን ፒያሳ ቡና ይጠጣል፣ ሌላው አቶቴ። የቴሌግራም ግሩፓቸውም ተለያይቷል። ከአስፋልት ማዶና ማዶ ሆነው ሰላም አይባባሉም። አብረው የታሰሩ ልጆች ናቸው እኮ! ምርጫው ገና ሳይመጣ እርስ በርስ ከተጨራረሱ ማን በር እያንኳኳ ሊቀሰቅስላችሁ ነው?

ቅዳሜ ዋናው ጽሕፈት ቤት ስብሰባ አለን ብለሽኛል። ሁለት ነገር እለምንሻለሁ። የመጀመሪያው፣ ቅጹ ለፓርላማ እጩ ይሁን፤ ለቀበሌ ሌላ አዘጋጁ በይ። የሚጮኹብሽ አሉ፤ አንቺንም ብዥታ አለባት ይሉሻል። ሰምተሽ እለፊያቸው፤ በዚህ ተናደሽ ግን ፓርቲውን ጥለሽ እንዳትወጪ። ሁለተኛው፣ የዕድሩን ጸሐፊ በሰው ከማስጠየቅ ራስሽ ደውዪላት። ቅር ብሏታል፤ ቢሆንም ያንቺን ስልክ ታነሳለች። ከሰባት ሰዓት በኋላ ይሁን፤ ጠዋት ጠዋት ገበያ ናት።

አባትሽ
ሀዋሳ