የሠለጠነውን ልጅ በዋስ እጦት አንመልሰው

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

በአዲስ አበባ ከሜክሲኮ እስከ ካዛንቺስ ባሉ ጋራዦችና ሆቴሎች ችግረኛ ወጣቶችን ተቀብለው በራሳቸው ወጪ የሚያሠለጥኑ ድርጅቶች አሉ። ይመስገኑ። የምረቃው ፎቶ በየገጹ ይወጣል፤ በማግስቱ ስለሚጠየቀው የዋስ ወረቀት ግን የሚያነሣ የለም።

ልጁ ሥልጠናውን ጨርሶ፣ ሲኦሲውን (የሙያ ብቃት ምዘናውን) አልፎ ለቅጥር ሲቀርብ የሰው ኃይል ክፍሉ ቋሚ ደመወዝ ያለው ዋስ አምጣ ይለዋል። ዋሱ ደግሞ የደመወዙን መጠንና ለሌላ ሰው ዋስ አለመሆኑን የሚገልጽ ደብዳቤ ከመሥሪያ ቤቱ ማጻፍ አለበት። ይህን ደብዳቤ ጨርሶ የማይሰጡ መሥሪያ ቤቶች ብዙ ናቸው። እናቱ ጉልት የምትቸረችር ወይም በማሳደጊያ ያደገ ልጅ እንዲህ ያለ ሰው ከየት ያመጣል? በገንዘብ ዋስ እናገኝልሃለን የሚሉት ደላሎች የሚገቡትም ይህን ጊዜ ነው።

የዋስትና ቅጹም ቢሆን ድርጅቱን እምብዛም አይጠብቀውም። «ለሚያጠፋው ንብረት ሁሉ ኃላፊ ነኝ» ብለው የሚያስፈርሙ ሰዎች የ1952ቱን የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1922 ይመልከቱ፤ ዋሱ የሚጠየቅበት ከፍተኛ የገንዘብ መጠን ያልተጻፈበት የዋስትና ውል አይጸናም። ልጁን ከበር የመለሰው ወረቀት ፍርድ ቤት ቢደርስ ዋጋ የለውም ማለት ነው።

ዕቃ አይጠፋም አንልም። ከሠልጣኝ እጅ የሚጠፋው ግን በአብዛኛው 10 ቁጥር ቁልፍ፣ ቴስተር ወይም ካቻቢቴ ነው፤ ምክንያቱም አንድ የመሣሪያ ሳጥን ለሦስት ልጆች በቃል ይሰጣል። እያንዳንዱ በስሙ ሳጥን ይኑረው፤ የዕቃው ዝርዝር በክዳኑ ውስጥ ይለጠፍ፤ ጠዋት ሲረከብ፣ ማታ ሲመልስ ከግምጃ ቤት ሠራተኛው ጋር ቆጥረው ሁለቱም ይፈርሙ። ቆጠራው የሚበላሸው ከሥራ ሰዓት ውጭ ሲሆን ነው። ቤተሰቡ ከካዛንቺስ ተነሥቶ ገላን ጉራ የገባ ልጅ የትራንስፖርቱን ሰልፍ እያሰበ ቁልፍ አይቆጥርም፤ ስለዚህ የመጨረሻው ሩብ ሰዓት ለዚህ ይተው። ያም ሆኖ የጠፋ ነገር ካለ፣ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 አንቀጽ 59 መሠረት የሥራ ደንቡ ከፈቀደ ወይም ሠራተኛው በጽሑፍ ከተስማማ ከደመወዙ ሊቆረጥ ይችላል፤ በአንድ ጊዜ ግን ከወር ደመወዙ ሲሶ አይበልጥም። ለአንድ ቁልፍ ይህ ከበቂ በላይ ነው።

ጥሬ ገንዘብ የሚይዝ ካሸር ወይም ንብረት የሚረከብ ግምጃ ቤት ሠራተኛ ጉዳይ ይለያል። ለእነሱ የመድን ድርጅቶች የታማኝነት ዋስትና ይሸጣሉ፤ ዓረቦኑን አሠሪው ይክፈል። ለመካኒክና ለወጥ ቤት ረዳት ዋስ መጠየቅ ግን ምን የሚሉት ጥንቃቄ ነው? በዚያ ላይ አዋጁ ለአሠሪው እስከ 60 የሥራ ቀን የሙከራ ጊዜ ሰጥቶታል፤ ለሥራው የማይሆን ሰው በዚያ ውስጥ ያለ ማስጠንቀቂያ ይሰናበታል። ለወራት ዓይናቸው ሥር የዋለን ልጅ ከማንም ዋስ ይልቅ የሚያውቁት ራሳቸው ናቸው።

ዋስ የግድ ነው የሚል ድርጅት ካለም በመጀመሪያው ቀን ይናገር። የልምምድ ውል በጽሑፍ መሆን አለበት፤ የሥልጠናው ዓይነትና ጊዜ እንዲሁም ክፍያው ሲሰፍር የቅጥሩ ቅድመ ሁኔታ አብሮ ይጻፍ። ልጁ በሥልጠናው ወራት ዋስ መፈለግ እንዳለበት ከጅምሩ ይወቅ።

መታወቂያም እንደዚሁ ነው። የባንክ ሒሳብ ለመክፈት የፋይዳ (የብሔራዊ ዲጂታል መታወቂያ) ቁጥር ይጠየቃል፤ የቀበሌ መታወቂያ የሌለውን ልጅ ጉዳይ የሥልጠናው አስተባባሪ በመጀመሪያው ሳምንት ከወረዳው ጋር ይጀምርለት። በመጨረሻው ወር ከተጀመረ ልጁ ሥራ ገብቶም የመጀመሪያ ደመወዙ የሚገባበት ሒሳብ አይኖረውም።

የሙያ አሠልጣኞች
ካዛንቺስ፣ አዲስ አበባ