ለሃይድሮጂኑ ድጎማ፣ ለወፍጮዬ ናፍጣ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

አዳማ ውስጥ ወፍጮ ቤት አለኝ። ከሚዛኑ ቀጥሎ ደጋግሜ የማየው ነገር ቢኖር የመብራት ቆጣሪዬ ነው። መንግሥት አረንጓዴ ሃይድሮጂንን፣ ማለትም በነፋስና በመሰል ንጹሕ ኤሌክትሪክ ከውኃ የሚለየውን ጋዝ፣ ይደጉም አይደጉም የሚለውንም ክርክር በዚሁ በቆጣሪው አሰላሁት።

አንድ ኪሎ ሃይድሮጂን ከውኃ ለመለየት 55 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ኤሌክትሪክ ይፈጃል። የሚይዘው ጉልበት ግን 33 ነው፤ መኪና ላይ ተጭኖ መልሶ ኤሌክትሪክ ሲሆን ደግሞ ከዚያም ግማሽ ያህሉ ይባክናል። ስለዚህ ለአውቶቡስ ይዋል ባዮችን አልደግፍም። በከተማችን በኩል ጅቡቲ የሚወርደው ባቡር እንኳ ኃይሉን በቀጥታ ከሽቦው ይስባል።

ማዳበሪያ ግን ሌላ ነው። አንድ ኩንታል ዩሪያ 10 ኪሎ ያህል ሃይድሮጂን ይፈልጋል። አዳማ ያሉት ሁለቱ የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች፣ ባለ 51 እና ባለ 153 ሜጋ ዋቶቹ፣ ነፋሱ በሙሉ ኃይሉ ቢነፍስላቸው በሰዓት ለ370 ኩንታል ዩሪያ የሚበቃ ሃይድሮጂን ያስገኛሉ። (ነፋሱ እንደ ልባችን አይነፍስም እንጂ።) ዩሪያን በዶላር ለሚሸምት አገር ይህ የሚናቅ አይደለም።

አሜሪካ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2022 ባወጣችው ሕግ ለአንድ ኪሎ ንጹሕ ሃይድሮጂን እስከ 3 ዶላር የግብር ቅናሽ ፈቅዳለች። ቅናሹ የሚገኘው የመሠረት ድንጋይ ስለተጣለ አይደለም፤ ኪሎው ተመርቶ ሲታይ ነው። በ2025 የወጣው ማስፈጸሚያ ደንብ ደግሞ ኤሌክትሪኩ በአብዛኛው ከአዲስ ማመንጫ እንዲመጣ ያዝዛል። እኛም ይህችን አንቀጽ ብንወስዳት እወዳለሁ።

ምክንያቱ እኔ ጋ አለ። መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር አስነሳለሁ። ጭሱ ቤቱን ይሞላዋል፤ ጤፍ ያመጡት እናቶች ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ ይዘው በር ላይ ይቆማሉ፤ የማስፈጫው ዋጋም ይጨምራል። የሃይድሮጂን ፋብሪካው ኤሌክትሪኩን ከነባሩ መስመር ስቦ እኔን ወደ ናፍጣ ከገፋኝ፣ እዚያ ቀረ የተባለው ጭስ በእኔ በር ይወጣል፤ ያውም በራሴ ግብር።

ደግሞ ድጎማ ማለት ጥሬ ገንዘብ ብቻ አይደለም። ከወጪው በታች የተሸጠ ኤሌክትሪክም ድጎማ ነው፤ በጀት ላይ ስለማይሰፍር ግን ማንም አይቆጥረውም። በኪሎ ዋት ሰዓት አንድ የአሜሪካ ሳንቲም ብንቀንስለት፣ በኪሎ ሃይድሮጂን ከግማሽ ዶላር በላይ ሰጠነው ማለት ነው። እንዲህ ያለ ውል የሚፈረም ከሆነ ታሪፉ በጋዜጣችሁ ይውጣልን፤ እኛም ከየቆጣሪያችን ጋር እናስተያየው።

አንድ የወፍጮ ቤት ባለቤት
ከአዳማ